የገጠር ጥንታዊ መቃብር በጀት እንዲያገኝ ምን ይደረግ?

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ ሰው ቲያን ያውቃል። 36 ትክል ድንጋዮች ቆመውበታል። በ32ቱ ላይ ሰይፍ፣ ክብ ምልክትና ቅጠል የሚመስል ቅርጽ ተቀርጿል። ቦታው መካነ መቃብር ነው። ከሥሩ የተቀበሩ ሰዎች አሉ። ዩኔስኮ እ.አ.አ. በ1980 መዝግቦታል። አጥር አለው፣ ጠባቂ አለው፣ ጎብኚ ይመጣበታል።

ቲያ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው። በሶዶ አካባቢ ብቻ እንዲህ ያሉ ጥንታዊ ቦታዎች 160 ያህል ተገኝተዋል። በጌዴኦም ብዙ ትክል ድንጋይ አለ። በአርሲ የተጌጡ መቃብሮች አሉ። በጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤል ይኖሩባቸው የነበሩ መንደሮች መቃብር አላቸው። በየገጠሩ ደብር ቅጽርና በየመስጊዱ አጠገብም አለ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ አጥር አያውቁም። ከብት ይታከክባቸዋል። ማረሻ በየዓመቱ አንድ ስንዝር ይጠጋቸዋል። ባህር ዛፍ ሥሩን ይሰድባቸዋል።

ይህ መመሪያ ለእነሱ ነው። በቀበሌያችሁ እንዲህ ያለ መቃብር ካለና በመንግሥት ገንዘብ እንዲጠበቅ ከፈለጋችሁ፣ ከየት እንደሚጀመርና በየትኛው ወር የትኛው ቢሮ እንደሚንኳኳ እነግራችኋለሁ። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የወረዳ ገንዘብ የሚወጣው በዕቅድ ለተያዘ ሥራ ነው። መቃብሩ ዕቅድ ውስጥ ካልገባ፣ ሹሙም ሕዝቡም ቢያዝንለት አምስት ሳንቲም አይወጣለትም። ስለዚህ ድካማችሁ ሁሉ ወደዚያ ዕቅድ ለመግባት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አግኙና አንብቡ። ረጅም አይደለም። ለእናንተ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች አሉበት።

አንደኛው፣ በቅርስ ላይ ማንኛውም የጥገና ሥራ ከመሠራቱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። የወደቀ ድንጋይ በራሳችሁ ጉልበት ብታቆሙ እንኳን ሕግ ጥሳችኋል። ሁለተኛው፣ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት የወጪውን ከፊል ሊሸፍን ይችላል። «ከፊል» እና «ይችላል» የሚሉትን ልብ በሉ። መንግሥት ሙሉውን የመክፈል ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ማመልከቻችሁ ሁለት ነገር ማሳየት አለበት፤ ወጪው ከአቅማችሁ በላይ መሆኑንና እናንተም የድርሻችሁን ማዋጣታችሁን። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 91 ላይ የታሪክ ቅርስን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ ነው ይላል። በደብዳቤያችሁ ላይ አንድ መስመር ብትጠቅሱት አይከፋም። ከዚያ በላይ ግን ሕግ አትደርድሩ። ባለሙያው ሕጉን ያውቀዋል፤ የሚፈልገው ስለ መቃብሩ ነው።

የማን መቃብር ነው?

ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህ መመለስ አለበት። ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ከሆነ ሰበካ ጉባኤው ይስማማ፣ ሀገረ ስብከቱም ይወቀው። የሙስሊም መቃብር ከሆነ የመስጊዱ ኮሚቴና የአካባቢው መጅሊስ ይኑሩበት። ዘመኑ ርቆ የተቀበረው ማን እንደሆነ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሁሉ ሰብስቡ። አንድ ጎሳ ብቻውን «የኛ ነው» ብሎ ከጀመረው ነገ ሌላው አቤቱታ ይዞ ወረዳ ይገባል። ያኔ ጽሕፈት ቤቱ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ፋይሉን ይዘጋዋል።

ባለቤቶቹ ርቀው የሄዱ መቃብሮችም አሉ። የቤተ እስራኤል መቃብሮች ዋናው ምሳሌ ናቸው። የሟቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ እስራኤል ናቸው። ድንጋይ ከመነካቱ በፊት እነሱን ፈልጉ። የመቃብር ሥርዓታቸውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደማይፈቀድ መናገር ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ መሬቱ አለ። መቃብሩ በአንድ ገበሬ ይዞታ ውስጥ ከሆነና በእሱ የይዞታ ደብተር ላይ ከተለካ፣ ወረዳው በሰው ማሳ ላይ አጥር አያጥርም። የወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ቦታው በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቁ። የወል ይዞታ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ወሰኑ ተለክቶ ይከበር። የግለሰብ ከሆነ ከሰውየው ጋር በሽማግሌ ተነጋገሩ። ሰውየውን «ቅርስ አጥፊ» ብላችሁ አትጀምሩ። አባቱም አያቱም ያንን ድንጋይ ዞረው ሲያርሱ የኖሩ ናቸው፤ እስከ ዛሬ የቆየው ምናልባት በእነሱ ምክንያት ነው። በድንጋዮቹ ዙሪያ የሚተወውን ስፋት፣ በምትኩ የሚያገኘውን መሬት ወይም ሌላ ጥቅም ተስማሙና ስምምነቱን ቀበሌው ባለበት ጻፉት።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ አንድ ስብሰባ ጥሩ። ኮሚቴ ይመረጥ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ሒሳብ ያዥ ይኑረው። ሴቶች ይግቡበት፣ ወጣትም ይግባበት። ቃለ ጉባኤው ላይ የተገኙት ሁሉ ይፈርሙ፣ ቀበሌው ማኅተም ያድርግበት። ይህ ወረቀት ወደፊት በየቢሮው የምታሳዩት የመጀመሪያው ሰነድ ነው።

መዝገብ ላይ ይግባ

ያልተመዘገበ ቅርስ በመንግሥት ዓይን የለም። ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱና መቃብሩ በማይንቀሳቀስ ቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቁ። በየክልሉ የጽሕፈት ቤቱ ስም ይለያያል፤ ከስፖርት ወይም ከሌላ ዘርፍ ጋር የተጣመረበትም አለ። ከተመዘገበ የምዝገባ ቁጥሩን ውሰዱ። ካልተመዘገበ ባለሙያ መጥቶ ቅጽ እንዲሞላ በደብዳቤ ጠይቁ። መኪና የለም ሊሏችሁ ይችላሉ። ሞተር ተከራይታችሁም ቢሆን ባለሙያውን አምጡት፣ ምሳም አብሉት። ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው ወጪ አይኖራችሁም።

አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ ይመድባል። ይህን ማወቁ ይጠቅማችኋል፤ ጥያቄያችሁ መጨረሻው ክልል ነው ወይስ ፌዴራል የሚለው በዚህ ይወሰናል። አብዛኛው የገጠር መቃብር የክልል ጉዳይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያውኑ አዲስ አበባ አትሂዱ። ፌዴራል ብትሄዱም «ከክልላችሁ ደብዳቤ አምጡ» ትባላላችሁ፣ ክልል ብትሄዱ «ከዞን»፣ ዞን ብትሄዱ «ከወረዳ»። ከታች ጀምራችሁ ሸኚ ደብዳቤ እየያዙ መውጣት ይሻላል።

ቦታውን በወረቀት ላይ አስቀምጡት

ፎቶና ልኬት የኮሚቴው ሥራ ነው። ስልክ፣ ሜትርና ደብተር ይበቃል።

ጊዜውን ምረጡ። መስከረም ላይ ሣሩ ድንጋዩን ውጦታል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጥሩ ናቸው። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። እኩለ ቀን ላይ የተነሣ ፎቶ ቅርጹን አያሳይም፤ ድንጋዩ ባዶ ይመስላል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ወይም ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፣ ዓይን ያላየው ሰይፍና መስመር በጥላው ብቅ ይላል። የደከመውን ቅርጽ ለማሳየት በኖራ ወይም በጠመኔ አታቅልሙ። በውሃም አትጠቡ። በሽቦ ብሩሽ ማሸት ደግሞ በአንድ ጠዋት የብዙ መቶ ዓመት ቅርጽ ያነሣል። በድንጋዩ ላይ እንደ ሽበት የበቀለው ነገርም ይቆይ፤ ማንሳት ካስፈለገ ባለሙያ ያነሣዋል።

እያንዳንዱን ድንጋይ ቁጥር ስጡት። ቁጥሩን ድንጋዩ ላይ አትጻፉ፤ በካርቶን ጽፋችሁ አጠገቡ አስቀምጡና ፎቶ አንሡ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሁለቱ ጎን። ሜትሩ በፎቶው ውስጥ ይታይ። ከዚያ በደብተር ላይ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ጻፉ፤ ቁመት፣ ስፋት፣ ቆሟል ወይስ ወድቋል፣ ተሰብሯል ወይ፣ ቅርጽ አለው ወይ፣ ምን አደጋ ተጋርጦበታል። በስልካችሁ የቦታውን መገኛ ነጥብ ውሰዱ። በእጅ የተሣለ ንድፍ ጨምሩበት፤ ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ፣ መንገዱ፣ ጎርፉ የሚመጣበት አቅጣጫ፣ ዛፎቹ።

የሽማግሌዎችን ታሪክ በስልክ ቅዱ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በሶዶ አካባቢ ሰዉ እነዚህን ትክል ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ተመራማሪዎች ግን ቲያን ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያደርጉታል፤ ኢማም አሕመድ የተነሡት በ16ኛው ነው። ታዲያ የሽማግሌዎቹን ቃል እንጣለው? በፍጹም። ያ ቃል ራሱ ቅርስ ነው። በማመልከቻው ላይ ግን ለይታችሁ ጻፉት፤ «የአካባቢው ሰው እንዲህ ይላል» በአንድ አንቀጽ፣ «ጥናት እንዲህ ይላል» በሌላ። ጥናት ከሌለ ዘመን አትገምቱ። «የ2 ሺህ ዓመት መቃብር» ብሎ የጻፈ ኮሚቴ ማስረጃ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ የቀረው እውነተኛው ነገርም አብሮ ይጠረጠራል።

ምን እንጠይቅ?

«ሙሉ እድሳት» ብላችሁ አትጀምሩ። እድሳት ውድ ነው፣ ባለሙያ ይፈልጋል፣ የፌዴራል ፈቃድ ይፈልጋል፣ ለአንድ ወረዳ የሚከብድ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥፋቱን የሚያስቆመው ሥራ ነው። ይህም በሦስት ይከፈላል፤ ጎርፉን መቀልበስ፣ ከብቱንና ማረሻውን ማራቅ፣ ዛፉን ማስተካከል። ሦስቱ ከተሠሩ መቃብሩ ለሚቀጥለው ትውልድ ይደርሳል። የወደቀው ድንጋይ ወድቆም ቢሆን አይጠፋም፤ ለእሱ ቀስ ተብሎ ይደረስበታል።

ጎርፉን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያስበውን መንገድ ልንገራችሁ። በየዓመቱ ጥርና የካቲት አካባቢ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሕዝብ አስተባብሮ የተፋሰስ ልማት ሥራ ያሠራል። እርከን ይሠራል፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። መቃብሩን የሚያጥበው ጎርፍ የሚመጣው ከላይ ካለው ማሳ ነው። የቀበሌያችሁን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አነጋግሩና ያ ማሳ በዘመቻው ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ አድርጉ። ቦዩ የሚቆፈረው ከመቃብሩ በላይ ርቆ ነው፣ መቃብሩ ውስጥ አይደለም። ለዚህ አንድ ብር የባህል በጀት አያስፈልግም። ሴፍቲኔት ያለበት ወረዳ ከሆነም በማኅበረሰብ ሥራው በኩል መጠየቅ ይቻላል። ይህም የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ በሌላ በር ገባ እንጂ።

አጥርን በተመለከተ፣ የሽቦ አጥር ወይም የድንጋይ ካብ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። የካቡ ድንጋይ ከመቃብሩ ግቢ እንዳይለቀም ቃለ ጉባኤ ላይ ሳይቀር ጻፉት። አጥሩ ከመጨረሻው ድንጋይ በርከት ያለ ሜትር ይራቅ። መቃብሩ የሚያልቀው ድንጋዩ ያለቀበት ላይ አይደለም፤ ምልክቱ የጠፋበት ቀብር በዙሪያው ይኖራል። ለቋሚ ጉድጓድ ሲቆፈር ባለሙያ ይቁም። አጥንት ወይም የሸክላ ስብርባሪ ከተገኘ ሥራው ይቁም፣ እንዳለ ይሸፈን፣ ለወረዳው በጽሑፍ ይነገር። በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስን ማሳወቅ የሕግ ግዴታ ነው። አፈሩም ራሱ መረጃ ነው። የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች እስከ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኋላ እንደሚሄዱ የታወቀው ባለሙያዎች በሥርዓት ቆፍረው ባወጡት ናሙና ነው። አፈሩ በዶማ ከተገለበጠ በኋላ ያንን የሚመልሰው የለም።

ባህር ዛፉ ይቆረጥ፣ ግን አይነቀል። ከሥሩ ሲነቀል መቃብሩን ይዞ ይወጣል። ወይራና ጽድ ካለ አትንኩት፤ ለብዙ መቃብር ግርማው እሱ ነው። የአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ሲመጣ ደግሞ በድንጋዮቹ መካከል እንዳይተከል ቀድማችሁ ተናገሩ። በወሰኑ ላይ አገር በቀል ዛፍ ቢተከል ያምራል፣ ወሰንም ያስከብራል።

ስለ ስሚንቶ አንድ ቃል። የተሰበረ ድንጋይ በስሚንቶ ለማጣበቅ የሚቸኩል ሰው በየቦታው አለ። እባካችሁ አስቁሙት። ፋሲል ግቢ ላይ በጣሊያን ጊዜ የተደረገው የስሚንቶ ጥገና በኋላ ተነሥቶ በኖራ መተካት ነበረበት። ስሚንቶ ከጥንቱ ድንጋይ ይልቅ ይጠነክራል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ድንጋዩን ከውስጥ ያፈራርሰዋል። በበጀት ዝርዝራችሁ ላይ ለድንጋዮቹ ጥገና «ስሚንቶ» የሚል ቃል ካለ የቅርስ ባለሙያው እዚያው ላይ ያቆመዋል፤ ማቆሙም ልክ ነው።

የሐውልቱ ስርቆት የሚያሰጋበት ቦታ ደግሞ ሌላ ነው። ኮንሶ «ዋካ» የሚባሉት የእንጨት የመቃብር ሐውልቶች እየተሰረቁ ሲሸጡ ብዙዎቹ ተሰብስበው ካራት ከተማ ባለው ሙዚየም ገብተዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከአጥር በፊት የሚጠየቀው የጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ይህ ለግንባታ ከሚያዘው ከካፒታል በጀት ሳይሆን ለደመወዝና ለዕለት ሥራ ከሚያዘው ከመደበኛ በጀት የሚወጣ ስለሆነ ለይታችሁ ጠይቁ።

መቼ እንጠይቅ?

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። የወረዳው ምክር ቤት በጀቱን የሚያጸድቀው በዚያው መጀመሪያ አካባቢ ነው። ግን ውሳኔው የሚደረገው ከዚያ በፊት ነው። ጽሕፈት ቤቶች የመጪውን ዓመት ዕቅዳቸውን ጽፈው ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት የሚያቀርቡት በጋው ሳያልቅ ነው። ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይድረስ። ሐምሌ ላይ የመጣ ጥያቄ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለአንድ ዓመት ይቀመጣል።

ሁለተኛ ዕድልም አለ። ግንቦት ላይ ወረዳው ያልተጠቀመበት ገንዘብ እንዳይመለስበት ይጣደፋል። ያኔ ፋይሉ ተሟልቶ የቆየ፣ ቶሎ የሚያልቅ ትንሽ ሥራ ያለው ኮሚቴ ሊያገኝ ይችላል። ዋጋው የታወቀ የሽቦ አጥር ለዚህ ይሆናል። የድንጋይ ጥገና ግን በሰኔ ጥድፊያ አይሠራም፤ ክረምቱም ከላይ አለ።

ማመልከቻው

አንድ ገጽ ይሁን። ሰነዶቹ በአባሪ ይያያዙ። መልኩን ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቦታ ተኩ።

«ለ… ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ለጥንታዊ መካነ መቃብር ጥበቃ የበጀት ድጋፍ ስለመጠየቅ

በወረዳችን በ… ቀበሌ የሚገኘው ጥንታዊ መካነ መቃብር በጽሕፈት ቤታችሁ በቁጥር … የተመዘገበ ቅርስ ነው። በቦታው 23 ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። 14ቱ ቆመዋል፣ 6ቱ ወድቀዋል፣ 3ቱ ተሰብረዋል። ቦታው አጥር ስለሌለው ከብት ይገባበታል፤ ባለፈው ክረምት የወረደው ጎርፍም የ4 ድንጋዮችን ሥር አጋልጧል።

የአካባቢው ኅብረተሰብ ለአጥሩ የሚያስፈልገውን ጉልበት 120 የሰው ቀን፣ እንዲሁም የቋሚ እንጨት ለማዋጣት በቃለ ጉባኤ ወስኗል። የጎርፍ መቀልበሻው ሥራ በቀበሌው የተፋሰስ ልማት ዕቅድ ተይዟል። ከአቅማችን በላይ የሆነው የሽቦ፣ የመዝጊያና የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ወጪ ነው። ይህም በ… ዓ.ም. የበጀት ዓመት ዕቅድ ውስጥ እንዲካተትልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ቁጥር፣ አደጋ፣ የእናንተ ድርሻ፣ የምትጠይቁት፣ ዓመቱ። አምስቱ ካሉ በቂ ነው። «ለአገር ገጽታ ግንባታ» እና «ለቱሪዝም ዕድገት» የሚሉ ረጃጅም አንቀጾች አያስፈልጉም። በዓመት ሁለት ጎብኚ የማይመጣበትን ቦታ «የቱሪስት መዳረሻ» ማለትም ትዝብት ላይ ይጥላል። መቃብሩ መጠበቅ ያለበት የሰው ማረፊያ ስለሆነና ታሪክ ስለሆነ ነው። ይህ በራሱ በቂ ምክንያት ነው፤ አፍራችሁ አትሸፍኑት።

የጉልበቱን ዋጋ በብር ተምኑት። 40 ሰው ለ3 ቀን ከሠራ 120 የሰው ቀን ነው፤ በወረዳው የቀን ሠራተኛ ክፍያ አባዙት። ኅብረተሰቡ ከአጠቃላዩ ወጪ ስንት እጅ እንደያዘ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለሚገዛው ዕቃ ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ አያይዙ። ግዥውን የሚፈጽመው ጽሕፈት ቤቱ በራሱ ሥርዓት ነው፤ የእናንተ ፕሮፎርማ ግምቱ ከሰማይ እንዳልወረደ ለማሳየት ነው።

ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡ። በቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። በእጅ ለኃላፊው ብቻ የተሰጠ ደብዳቤ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ግልባጭ ለወረዳው አስተዳዳሪ፣ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤትና ለቀበሌያችሁ የምክር ቤት ተወካዮች ስጡ። በጀት ሲጸድቅ እጅ የሚያወጡት እነዚህ ተወካዮች ናቸውና ወደ መቃብሩ ወስዳችሁ አሳዩአቸው።

«በጀት የለም» ሲባል

ይባላል። ወጣቱ ባለሙያ በትሕትና «አባባ፣ ዘንድሮ በጀት የለንም» ይላል። ውሸቱን አይደለም። መልሱ ግን ተቆጥቶ መውጣት አይደለም። «ልጄ፣ የዘንድሮን አልጠየቅንም። የመጪውን ዓመት ዕቅድ መቼ ነው የምትጽፉት? በየትኛው ርዕስ ሥር ቢገባ ይቀላችኋል?» በሉት። ይህ ጥያቄ ከእናንተ ጋር ያሰልፈዋል። ባለሙያው ራሱ ለቅርስ ጥበቃ ቢያገኝ ደስ የሚለው ሰው ነው፤ በካቢኔ ፊት የሚከራከርበት ፋይል ነው ያጣው።

ከተከለከላችሁ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። «ከአቅማችን በላይ ነው» የሚል የወረዳ ደብዳቤ ለዞንና ለክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጥሩ ሸኚ ነው። ድንጋይ የማቆምና የመጠገን ሥራ ከሆነ ደግሞ ከክልሉ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይሄዳል። ከባለሥልጣኑ መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለሙያ ነው። መጥቶ ያለበትን ሁኔታ አጥንቶ የጥገና ሰነድና የሥራ ዝርዝር ከነዋጋው ካዘጋጀ፣ ያ ሰነድ ለማንኛውም ገንዘብ ሰጪ በር ይከፍታል።

የውጭ መንግሥታትና የዩኔስኮ ድጋፍ የሚያስቡም አሉ። የዓለም ቅርስ ፈንድ በዋናነት ለተመዘገቡ ቦታዎች ነው፤ ቲያ፣ ኮንሶ፣ እ.አ.አ. በ2023 የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር። ጥያቄውም የሚቀርበው በመንግሥት በኩል ነው። አሜሪካ እ.አ.አ. በ2001 የጀመረችው የአምባሳደሮች የባህል ጥበቃ ፈንድ በኢትዮጵያም ሥራዎችን ደግፏል። በእንዲህ ያለ ፈንድ ጥሪው ወጥቶ እንደሆነ መጀመሪያ አረጋግጡ፣ ደንቡንም አንብቡ፤ ለምሳሌ ይህኛው ፈንድ የሰው አጽም ለመጠበቅ አይከፍልም። ስለዚህ ለመቃብር የሚያመለክት ሰው የሚጠይቀው ለሐውልቶቹ፣ ለካቡና ለአጥሩ ነው።

ዲያስፖራውን አትርሱ፣ ግን ቦታውን ጠብቁ። ከዋሽንግተንም ከዱባይም ከቴል አቪቭም የሚላከው ገንዘብ የኅብረተሰቡ ድርሻ ሆኖ ይመዝገብ። በኮሚቴው ስም በሁለት ወይም በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። በግለሰብ ቴሌብር የሚሰበሰብ ገንዘብ ዛሬ ይቀላል፣ ነገ ግን ሐሜት ያመጣል። ሌላም ነገር አለ፤ ገንዘብ የላከ ዘመድ «እብነ በረድ ይለጠፍበት» ሊል ይችላል። በአክብሮት እምቢ በሉት። የቤተሰቡን ስም የሚያሳይ አዲስ ሰሌዳ ከፈለገ ከአጥሩ በር ላይ ይሁን።

በጀቱ ሲፈቀድ

ገንዘቡ በኮሚቴው እጅ አይገባም። ጽሕፈት ቤቱ ይገዛል፣ ያሠራል። የእናንተ ሥራ መከታተል ነው። ሥራው የሚጀመርበት ቀን ከመቆረጡ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይኑር፤ የፈቃድ ደብዳቤው፣ ተቆጣጣሪው ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ በድንጋዮቹ መካከል መኪና እንደማይገባ። አሸዋና ጠጠር የሚራገፈው ከወሰኑ ውጪ ነው። ይህን ከሾፌሩ ጋር ሳይቀር ተነጋገሩ፤ ሲኖትራክ ወደ ኋላ ሲመለስ አንድ ጊዜ የጣለውን ድንጋይ ኮሚቴ አያቆመውም።

ዕቃው ሲመጣ ከኮሚቴው ሁለት ሰው ቆጥሮ ይፈርም። ጉልበት የሚያዋጣው ሰው በየቀኑ በስም ይመዝገብ፤ ቃል የገባችሁት 120 የሰው ቀን በወረቀት ላይ መታየት አለበት። ፎቶዎቹን ድሮ ካነሣችሁበት ቦታ ላይ ቆማችሁ በዚያው ሰዓት ድገሙ።

ሥራው እንዳለቀ ርክክብ ይደረግ። ማን ቁልፍ ይይዛል፣ ሣሩን ማን ያጭዳል፣ ያጨደውስ ሣር ለማን ነው? ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን የሣሩ ነገር ካልተወሰነ በሚቀጥለው መስከረም ሽቦው ተቆርጦ ታገኙታላችሁ። ለአጫጁ ወይም ለእድሩ ይሁን ብላችሁ ጻፉት። የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን ከፎቶው ጋር በሦስት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱ ለጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ ለቀበሌው፣ አንዱ በኮሚቴው ፋይል። የሚቀጥለውን ዓመት ጥያቄ፣ ማለትም የወደቁትን ስድስቱን ድንጋዮች የሚያጠና ባለሙያ ይመደብልን የሚለውን፣ ከዚያው ሪፖርት ጋር አያይዛችሁ ጥር ላይ አስገቡ።